ከስኳሩ ሥር ያለው ጀሪካን፦ የአደገኛ ዕቃ ተቆጣጣሪ ከየት መጣ?

እስቲ አንድ ሱቅ በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉ። ሱቁ ሀደሮ ነው እንበል፤ በዝንጅብሏ ስሟ የሚነሳው የከምባታዋ ሀደሮ፣ ዋናው መንገድ ዳር። መደርደሪያው ላይ ስኳር፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ሻማ አለ። ጥግ ላይ ነጋዴ የሚጠብቅ የደረቀ ዝንጅብል በጆንያ ተደርድሯል። ከስኳሩ ሥር ላምባ የያዘ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ደግሞ ለሞተረኞች የሚሸጥ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ ቆሟል። ከላይ የክብሪት ካርቶን። ከመጋረጃው ጀርባ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ጀበና።

ሱቁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ግን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በትንንሽ ከተሞች ያለፈ ሰው «ይቺንማ አውቃታለሁ» ሳይል አይቀርም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ለየብቻው ሲታይ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ስኳርም፣ ክብሪትም፣ ላምባም የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። የሚያስፈራው አቀማመጡ ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ።

በአማርኛ አብረው መሆን የማይችሉ ሁለት ሰዎችን «እሳትና ጭድ» እንላቸዋለን። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብ ይዞ ወደ ሱቅ ወይም መጋዘን ገብቶ «ጭዱ የቱ ነው? እሳቱስ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያገኘው ግን በቅርብ ነው፤ ገና 150 ዓመት ቢሆነው ነው። ያንን ሥልጣን ለማግኘትም ብዙ ሰው መሞት ነበረበት። ታሪኩን ከለንደን እንጀምረውና ዞረን ወደ ሱቃችን እንመለሳለን። (የውጭዎቹን ዓመታት እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ።)

ጥቅምት 2 ቀን 1874 እ.ኤ.አ.፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ አጠገብ በሚያልፈው ቦይ ላይ አንዲት በእንፋሎት የምትሠራ ጀልባ ሌሎች የጭነት ጀልባዎችን እየጎተተች ነበር። ከሚጎተቱት አንዷ «ቲልበሪ» ትባላለች። ጭነቷን ልንገራችሁ፦ ስኳር፣ ለውዝ፣ ቡና፣ ጥቂት በርሜል ፔትሮሊየም፣ እና 5 ቶን ያህል ባሩድ። አዎ፣ ቡናና ባሩድ በአንድ ጀልባ! ከሀደሮው ሱቃችን ጋር ያላት ዝምድና ይገርማል።

ከበርሜሎቹ የወጣው ትነት ቀስ እያለ በጀልባዋ ውስጥ ተሰራጨ፤ ሠራተኞቹ ከሚያርፉበት ክፍል እሳት ጋርም ተገናኘ። ትነቱ ነደደ፣ ባሩዱ ፈነዳ። ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ጀልባዋ በዚያ ሰዓት ከሥሩ ታልፍበት የነበረው ድልድይ ፈረሰ፤ በዙሪያው ያሉ ቤቶች ተጎዱ። የሞቱት ሦስት ብቻ የሆኑት በዕድል ነው፤ ጀልባዋ የነበረችው ከመሬት ዝቅ ብሎ በተቆፈረ የቦይ ክፍል ውስጥ ስለነበር የፍንዳታውን ጉልበት ግራና ቀኝ ያለው አፈር ተቀበለው። ድልድዩ በኋላ በነበሩት የብረት ምሰሶዎች እንደገና ተሠራ። ምሰሶዎቹ ሲተከሉ ስለዞሩ፣ የጀልባ መጎተቻ ገመድ እያፋቀ የቦረቦረው ምልክት ዛሬ በሁለቱም በኩል ይታያል፤ አንዱ ከፍንዳታው በፊት የነበረ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ የመጣ።

አደጋውን እንዲመረምር የተላከው ቪቪያን ማጄንዲ የሚባል የጦር መኮንን ነበር። ማጄንዲ በእንግሊዝ የፈንጂ ነገሮች ተቆጣጣሪ ሆኖ ከተሾመ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1875፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የፈንጂዎችን ሕግ አወጣ። ሕጉ ባሩድ የሚሠራ፣ የሚያከማችና የሚሸጥ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ወይም እንዲመዘገብ አስገደደ፤ ተቆጣጣሪም ገብቶ የማየት መብት አገኘ።

ከዚያ ሕግ እኔን በጣም የሚስበኝ አንድ ነገር አለ። ሕጉ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላየም። ፋብሪካ አለ፣ ትልቅ መጋዘን አለ፣ ከዚያ ደግሞ «የተመዘገበ ቦታ» የሚባል አለ። ይህ የመጨረሻው ለባለሱቅ ነው። ባለሱቁ ስሙንና አድራሻውን ያስመዘግባል፤ ትንሽ፣ የተወሰነ መጠን ብቻ ይይዛል፤ እሱንም ለብቻው በጠንካራ መያዣ ያስቀምጣል። ሕግ አውጪዎቹ «ባሩድ በሱቅ አይሸጥ» ብለው አለመዝጋታቸውን ልብ በሉ። አዳኙም፣ ድንጋይ ፈላጩም ባሩድ ይፈልጋል፤ ብትከለክለው ከአልጋ ሥር ይደብቀዋል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ፔትሮሊየሙ። ተቆጣጣሪው በሩን አልፎ ገባ እንበል። ጀሪካኑን አየ። ውስጡ ያለው ላምባ ይሁን ቤንዚን፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ፣ በምን ያውቃል? በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በሽታም ቢሆን ቅልቅሉን መለየት ያስቸግራል።

ይህ ጥያቄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብዙ ቤተሰብ የሞት ሽረት ጥያቄ ነበር። ላምባ አዲስና ርካሽ ብርሃን ሆኖ ዓለምን ሲያዳርስ ቤንዚን ደግሞ ገና መኪና ስላልነበረ ገዢ ያጣ ተረፈ ምርት ነበር። ነጋዴው ምን አደረገ? ርካሹን ውድ ውስጥ ቀላቀለው። ፋኖሶች በየቤቱ ይፈነዱ ጀመር። በኒውዮርክ ቻርልስ ቻንድለር የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ለከተማዋ ጤና ቦርድ ከየሱቁ ላምባ እየገዛ መመርመር ያዘ፤ የሚሸጠው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነም አጋለጠ።

ሳይንሱ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ከፈሳሹ የሚወጣው ትነት ነው። እያንዳንዱ ነዳጅ አንድ የሙቀት ልክ አለው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ትነቱ ስለሚያንስ ክብሪት ብታቀርቡበትም ብልጭ አይልም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀጣጠላል። ይህን ልክ «የብልጭታ ሙቀት» እንበለው። ጥሩ ላምባ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ናፍጣ ከ50 ያልፋል። ቤንዚንስ? ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ! ስለዚህ በሀደሮ ማለዳ፣ ብርድ ልብስ በሚያስለብሰው ሰዓት እንኳ፣ ቤንዚን ክብሪቱን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ላምባ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ካደረጋችሁበት ደግሞ የድብልቁ የብልጭታ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት በታች ይወርዳል። ትናንት ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ሳይታጠብ ዛሬ ላምባ ተቀድቶበት፣ ላምባው ኩራዝ ውስጥ ገብቶ፣ ማታ ልጅ ሲያጠናበት የሚሆነውን አስቡት።

ይህን የሚለካው መሣሪያ የመጣው ከእንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኤብል ነው። ከእሱ በፊት ሕጉ የሚጠቀመው ክዳን የሌለው ስኒ ነበር፤ ትነቱ በንፋስ ስለሚበተን ሁለት መርማሪዎች አንዱን ላምባ ለክተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ያመጣሉ። ነጋዴውም የሚስማማውን ይመርጣል፤ በቃ ክርክር ነው። ኤብል ክዳን ያለው ትንሽ የብረት ስኒ ሠራ። ስኒው በሞቀ ውሃ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቴርሞሜትር ገብቶበታል፤ ሙቀቱ ትንሽ በጨመረ ቁጥር ክዳኑ ላይ ያለች ጠባብ በር ትከፈትና ትንሽ ነበልባል ጎንበስ ብላ ትገባለች። ሰማያዊ ብልጭታ የታየበት ዲግሪ ይመዘገባል። እንግሊዝ በ1879 ይህንን ስኒ በሕግ አጸደቀችው፤ ወሰኑንም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አደረገችው። ከዚያ በታች ብልጭ የሚል ሁሉ በፈቃድ እንጂ እንደ ተራ ዕቃ አይከማችም። ተቆጣጣሪው ያኔ ነው ከግምት ወደ ቁጥር የተሻገረው።

ስለ ትነት ካነሳን አይቀር አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስደነግጣቸው ይሄ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 200 ሊትር የሚጠጋ ትነት ይሆናል። አየር ውስጥ የቤንዚን ትነት 1.4 በመቶ ከደረሰ መቀጣጠል ይችላል። 200ን ለ0.014 ብናካፍል 14,000 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 14 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ሱቅ ልክ ናት። የአንድ ሃይላንድ ቤንዚን ትነት ሱቋን ጥግ እስከ ጥግ ሊሞላት ይችላል ማለት ነው። በተግባር እኩል አይሰራጭም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል። ወለል ላይ ደግሞ ምን አለ? የከሰል ምድጃው።

ጀሪካን የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሠራዊት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጁን ይጭን የነበረው በስስ ቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ ጣሳው እየተቀደደ ብዙ ነዳጅ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ጀርመኖቹ ግን በ1930ዎቹ የሠሩት ባለ ሦስት እጀታ ጠንካራ የብረት ዕቃ ነበራቸው። እንግሊዞች ማርከው ወደዱት፣ ኮርጀው ሠሩት፣ ጀርመንን በሚጠሩበት የቅጽል ስም «ጄሪ» ብለው ጠሩት። እኛ ዛሬ ውሃ የምንቀዳበት ቢጫ ፕላስቲክ ስሙን ወረሰ እንጂ ጥንካሬውን አልወረሰም። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስማ ጭራሽ ለቤንዚን አልተሠራም።

እስካሁን ያወራነው ስለሚነዱ ነገሮች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ክፉውን ነገር፣ ተቆጣጣሪዎችን ራሳቸውን ያሞኘውን፣ አሞኒየም ናይትሬትን ነው። ነጭ ፍሬ ነው፣ ማዳበሪያ ነው፣ በእጅ ይዛችሁት ምንም አይላችሁም። በ1921 ጀርመን ውስጥ ኦፓው በሚባል ቦታ አንድ ፋብሪካ አሞኒየም ናይትሬት የተቀላቀለበትን ማዳበሪያ በትልቅ ጎተራ አከማችቶ ነበር። ማዳበሪያው እርጥበት እየሳበ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሠራተኞቹ ለማላላት ምን ይጠቀማሉ? ድማሚት! ድብልቁ አይፈነዳም ተብሎ ስለታመነ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያንኑ አድርገው ምንም አልሆነም። መስከረም 21 ቀን 1921 ግን ሆነ። ከ500 በላይ ሰው ሞተ።

ባለሱቃችንን «ጋሼ፣ ቤንዚኑን ከምድጃው ራቅ ቢያደርጉት» ብትሉት «ሃያ ዓመት ሸጬ ምንም ሆኖ አያውቅም» ሊላችሁ ይችላል። የኦፓው መሐንዲሶችም እንዲሁ ነበር የሚሉት።

በ1947 ደግሞ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ላይ ግራንካምፕ የተባለች መርከብ 2,300 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ጭና ሳለ ከውስጧ ጭስ ታየ። ካፒቴኑ ውሃ ጭነቱን ያበላሸዋል ብሎ የመርከቧን ክፍል አዘግቶ እንፋሎት አስለቀቀበት። እሳትን አፍኖ መግደል በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ክዳን ገጥማችሁ የሚቃጠል ድስት ስታጠፉ የምታደርጉት እሱን ነው። አሞኒየም ናይትሬት ግን ኦክሲጅኑን በውስጡ ይዞ ነው የሚዞረው። ብታፍነው አይታፈንም፤ እንፋሎቱ ጭራሽ ያሞቀዋል። ሊያጠፉ ከመጡት 28 የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 27ቱ ሞቱ። በጠቅላላው ከ500 የሚበልጥ ሰው አለቀ።

ከኋላ የመጣው ትልቁ የቁጥጥር ለውጥ የተወለደው እንዲህ ካሉ ሞቶች ነው፦ እሳቱ ጋ የሚደርሰው ሰው ከውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት። በ1959 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ አንድ የኬሚካል ድርጅት ውስጥ እሳት ሲነሳ፣ ውሃ ሲነካው የሚፈነዳው ሶዲየም እንዳለ ያልተነገራቸው 13 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተጎዱ። ከዚያ በኋላ ነው በመጋዘን በር ላይ የሚለጠፈው ባለ አራት ቀለም ምልክት የመጣው፦ ሰማያዊው ለጤና ጉዳት፣ ቀዩ ለመቀጣጠል፣ ቢጫው ያለ እሳትም ለመፈንዳት፣ ነጩ ለልዩ ማስጠንቀቂያ። በየሦስቱ ውስጥ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይጻፋል። ነጩ ላይ የተሰረዘ ደብልዩ ካያችሁ «ውሃ እንዳታስነካ» ማለት ነው። የነዳጅ ቦቴ ጀርባ ላይ ብርቱካንማ ሰሌዳ ካጋጠማችሁም ታችኛውን ቁጥር አንብቡት፤ 1203 ከሆነ ቤንዚን፣ 1202 ከሆነ ናፍጣ ነው። በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

ምልክቱ ባለበት ዘመን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ቤይሩት ምን ሆነ? ብዙ የአገራችን ሴቶች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ብዙዎቻችሁ ቪዲዮውን በጭንቀት አይታችሁታል። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከአንዲት መርከብ ተራግፎ ወደቡ ላይ በ12 ቁጥር መጋዘን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። እዚያው መጋዘን ውስጥ ርችት ነበር። (እሳትና ጭድ!) የጉምሩክ ኃላፊዎች ስለ ጭነቱ ለፍርድ ቤት ደጋግመው ደብዳቤ ጽፈዋል። መረጃው ነበረ ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ። በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ «እሳት ተነሳ» ተብለው የተላኩት አሥር የእሳት አደጋ ቡድን አባላት ግን ያንን ወረቀት አላዩም። የመጋዘኑን በር ለመክፈት ሲታገሉ የሚያሳይ ፎቶ ቀርቷል። አሥሩም ሞቱ። ከእነሱ ጋር ከ200 በላይ ሰው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ታዲያ የእኛ ቀበሌ የማዳበሪያ መጋዘንስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራ ሕዝብ ነንና። መልሱ ያረጋጋል። ገበሬዎቻችን በብዛት ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ዩሪያ እና ዳፕ፣ በኋላም ኤንፒኤስ ናቸው። ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅን አለ፤ ግን እንደ አሞኒየም ናይትሬት ሌላውን የሚያነድ ኦክሲጅን አይሰጥም። በ133 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲሞቅ የሚያፍን የአሞኒያ ጋዝ ይወጣዋል፤ እንደ ቤይሩቱ ግን አይፈነዳም። ስለዚህ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪው ማየት ያለበት ጎረቤቱን ነው፦ ፀረ ተባይ ኬሚካል አብሮ ተቀምጧል? ነዳጅስ? ፀረ ተባይ ሲነድ ጭሱ መርዝ ነው፤ የሚያጠፉበት ውሃም ፈስሶ ወንዝ ይገባል።

እኛም ግን የራሳችን ቤይሩት አለን። ወጣቶች ስለሱ ብዙ አልሰማችሁ ይሆናል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ ልክ በሳምንቱ፣ ጎሕ ሳይቀድ በከተማዋ ደቡብ ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረ የጥይት ማከማቻ ፈነዳ። ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። በ1977ቱ ድርቅ የኮረምን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፎቶ ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ፍንዳታውን ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ።

የጥይት ማከማቻ ቁጥጥር ዋና ጥያቄው ርቀት ነው። እንግሊዛዊው በርትራም ሆፕኪንሰን በ1915 ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ የፍንዳታ ጉዳት የሚደርስበት ርቀት የሚያድገው በመጠኑ ኩብ ሩት ልክ ነው። ስምንት እጥፍ ፈንጂ ብታከማቹ ርቀቱ በሁለት እጥፍ ብቻ ያድጋል። ይህ ደስ ሊል ይችላል። ግን ገልብጡት፦ የማከማቻውን ግማሽ ብታወጡለት ለጎረቤት የሚያስፈልገው ርቀት የሚቀንሰው በ20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰው በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ለተቀመጠ ማከማቻ «ትንሽ እንቀንስለት» መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ። እዚያ የታየው ችግር ሌላ ነው፤ ሱቅ በሱቅ ላይ ተደራርቦ፣ መንገዱ ጠቦ፣ የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት ተቸገረ። አዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን አላት፣ 939 ተብሎ ይደወላል፣ መኪናም ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ተቸገረ። መኪናው ከሌላ ከተማ የሚጠበቅበት ትንሽ ከተማ ላይማ ከመኪናው በፊት የሚደርሰው ቁጥጥሩ ብቻ ነው፤ ትንሽ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊያያዝ ይችላልና።

ሕጉስ? ሕግ አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ እሳት ጥንቃቄ ደንግጓል፤ ሲወጣ ግን በዋናነት የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሳያስጠነቅቅ በሥራ ሰዓት ገብቶ እንዲያይ ይፈቅዳል። ፀረ ተባይ የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 674/2002። አያችሁት ግን? አንዱ ሕንፃውን ያያል፣ አንዱ ሠራተኛውን፣ አንዱ ኬሚካሉን፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፈቃዱንና ዋጋውን። በእኔ እምነት ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው። ከስኳሩ ሥር ያለው ጀሪካን የማን ሥራ ነው? ሠራተኛ ያልቀጠረ፣ ቤቱ አንድ ክፍል የሆነ፣ ለቤንዚን ፈቃድ የሌለው ባለሱቅ በአራቱም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ቀላሉ መልስ «ይከልከል፣ ይወረስ» ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። ሞተረኛው ግን ከማደያ ርቆ ገጠር ውስጥ ነዳጅ ያልቅበታል፤ ነፍሰ ጡር ጭኖም ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑን የሚፈልግ ሰው እስካለ የሚሸጥ ይኖራል፤ የሚወረስ ከሆነ ደግሞ ከስኳሩ ሥር ተነሥቶ ልጆች የሚተኙበት አልጋ ሥር ይገባል። ያኔ ተቆጣጣሪውም አያየው፣ እሳት ሊያጠፋ የመጣው ጎረቤትም አያውቀው። የ1875ቱ ሰዎች «የተመዘገበ ቦታ» ብለው የፈጠሩት መደብ ይህንን አስቦ ነው፦ ትንሽ ያዝ፣ ለብቻ አስቀምጥ፣ መያዝህን ግን አሳውቀን።

በዚያ ስሌት ወደ ሱቃችን እንመለስና ተቆጣጣሪ ሆነን እንግባ። ቤንዚኑን ከቤት እናወጣለን፤ ከጀርባ፣ ጥላ ያለው፣ ዙሪያው ለንፋስ ክፍት የሆነ፣ ከምድጃና ከመኝታ የራቀ ቦታ፣ በብረት ዕቃ፣ ከጥቂት ሊትር ያልበለጠ። የሚቀዳውም እዚያው ነው፣ የሞተሩ ሞተር ጠፍቶ። ላምባው የራሱ ጀሪካን ይኖረዋል፤ «ላምባ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበታል፣ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። በረኪናው ከአሲዱ ይለያል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ይወጣልና። ምድጃው ደጅ ይወጣል። በሩ አጠገብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ቢደፉበት ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው፤ የሚገዛው የብረት ዕቃው ብቻ ነው።

ከዚያ መዝገባችንን እንከፍታለን። የባለሱቁን ስም፣ «ቤንዚን፣ ከጀርባ፣ 10 ሊትር» ብለን እንጽፋለን። አንዱን ቅጂ ቀበሌው ይይዛል፣ አንዱን የእሳት አደጋ መኪናው የሚነሳበት ከተማ፣ አንዱን ደግሞ እሳት ሲነሳ ባልዲ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው የጎረቤቱ ጎረምሳ።